እርሳስም ይከብዳል

እኛ ጉልበት በነበረን ጊዜ ልጆች፣ ዕቃ የሚገዛው በእጅ ተመዝኖ ነው። አሁን እናንተ ስልካችሁን ታወጣላችሁ፣ ፎቶውን ታያላችሁ፣ ቁጥሩን ትጽፋላችሁ፣ በቃ። እኛ እንደዛ አልነበርንም። አንድ ኩሽኔታ ልገዛ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ መዳፌ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ እንዲህ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ከበድ ካለኝ ኦሪጅናል ነው። ቀለል ካለኝ «ወንድሜ፣ ይሄን ቆርቆሮህን አንሳልኝ» ነው። ሰውም ላይ እንደዛው ነበርን እኮ። «ከበድ ያለ ሰው ነው» ከተባለ ልጅህን ትድርለታለህ፣ «ቀለለ» ከተባለ ደግሞ አለቀለት። ታዲያ ያ ልማዳችን አንዴ ጉድ ሠርቶናል፣ እሱን ላጫውታችሁ። ዮናስ፣ ያ ነገርህ እየቀዳ ነው? ይቅዳ፣ ይቅዳ። ሳሌንም ይቅዳው።

ጋራዤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር ነበረች። ጋራዥ ትባል እንጂ ቆርቆሮ ጣሪያና አንድ ጉድጓድ ናት። ከጎኔ ሸምሱ የሚባል ጓደኛዬ መለዋወጫ ይሸጣል፣ የስልጤ ሰው፣ ሲበዛ ሳቂታ፣ ሲበዛ ተከራካሪ። እኔና እሱ ሳንጨቃጨቅ ከዋልን አንዳችን ታመናል ማለት ነው። እና አንድ ጠዋት፣ ያ ሚሊኒየም ሚሊኒየም ይባል የነበረ ሰሞን ይመስለኛል፣ አንዲት ሴት በሞተር መጥታ በሬ ላይ ቆመች። ሴት በሞተር! ያኔ ብዙ አይታይማ። ሞተሯ ማርሽ የሌላት አውቶማቲክ ናት፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ትንንሽ ጎማ ተበይዶላታል፣ ክራንች በጎኗ ታስሯል። ሴትየዋን እግሯን በልጅነቷ ፖሊዮ መቷታል። ዘነቡ ትባላለች።

«ጋሼ፣ ሞተሬን እይልኝ እስቲ። ዳገት እምቢ አለችኝ» አለች።

«የቱ ዳገት?»

«ወደ ካዛንቺስ የሚያወጣው ነዋ። ከቂርቆስ እነሳለሁ፣ እስከ ለገሃር ደህና ናት፣ መስቀል አደባባይንማ እንደ ንግሥት ነው የማልፈው። ዳገቱ ጋ ስደርስ ትተኛለች።»

«ስትተኛ ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እኔማ ምንም አላደርግም። ሰው ነው የሚያደርገው» አለችና ሰዉን አስመስላ ታሳየኝ ጀመር። «‹ውይ እናቴን! አይዞሽ! ግፉላት! ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ግፉላት እንጂ!› ሊስትሮው ይመጣል፣ የታክሲ ረዳቱ ይመጣል፣ የቢሮ ሰው ከነክራቫቱ ይመጣል፣ ተጋግዘው ካዛንቺስ ያደርሱኛል።»

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ታዲያ ደግ ሕዝብ አይደል? እግዜር ይስጣቸው» አልኳታ!

አየችኝ። «ጋሼ፣ አንተን ጠዋት ጠዋት ሰው ጀርባህን ይዞ እየገፋ ሥራ ቢያስገባህ ደስ ይልሃል?»

ጎንበስ ብዬ ጎማዋን ማየት ጀመርኩ።

«ክፋት የላቸውም» አለች። «ግን አንዱም አይጠይቀኝም። አንዱ ትከሻዬን ይይዛል፣ አንዱ ወገቤን ይይዛል። ድሮ በታክሲ ስሄድ ረዳቱ እንደ ጆንያ ብድግ አድርጎ ነበር የሚያስገባኝ። ከዛ ትገላገል ብሎ ነው ወንድሜ ጅቡቲ ይነዳት የነበረችውን ሞተር የላከልኝ። አሁን ደግሞ ከጆንያነት ወጥቼ ጋሪ ሆንኩ። እኔ በቃኝ። ይህቺን ዳገት ብቻዬን ካልወጣሁ ሞተሯን እሸጣታለሁ፣ ሥራውንም ትቼ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ልጆች፣ የተገፋ ሰው ስንል በእኛ አገር የተበደለ ማለታችን አይደል? እሷ ግን በደግነት ነው የተገፋችው። በደግነትም ሰው እንደሚገፋ እስከዛን ቀን አላውቅም ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ልቤን ነካችው። እና «ሳልሠራልሽማ አትሄጂም» አልኳት።

ሞተሯን ፈታሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እንዳይሰለቻችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ማርሽ የሌላት ሞተር በእጅም በእግርም አትቀየርም፣ ራሷ ነች የምትቀይረው። ፊት ለፊት ቺንጋው፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ የሚዞርበት ፑሊ ውስጥ ስድስት ትንንሽ ድብልብል ብረቶች አሉ፣ የጣት አንጓ ያክላሉ። ሞተሩ ሲዞር ብረቶቹ ወደ ውጪ ይሸሻሉ፣ ሲሸሹ ፑሊውን ይገፉታል፣ ቺንጋው ከፍ ይላል፣ ያኔ ማርሽ ተቀየረ ማለት ነው። በክብደታቸው ነው የሚሠሩት። ታዲያ ሳያቸው አንድ ጎናቸው ተበልቷል። አሃ! ተገኘ በሽታው! ሸምሱን ጠራሁት።

ሸምሱ መጣ፣ አየ፣ ሱቁ ገባ፣ ስድስት አዲስ ብረት ይዞ እየሳቀ ወጣ። «ያዘው እስቲ! ያዘው! ክብደቱን እየው! ይሄ ዕቃ ነው፣ ወላሂ! ያ የድሮው ቆርቆሮ ነው!»

መዳፌ ላይ አደረግኩት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ከፍ ዝቅ። ከበደኝ። ደስ አለኝ። «ኦሪጅናል!» አልኩ። ገጠምኩላት፣ «ሂጂ፣ አሁን ዳገቱ ራሱ ይሸሽሻል» ብዬ ሸኘኋት።

በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ፊቷን ሳየው ገባኝ።

«ጋሼ፣ ባሰባት።»

«ኧረ በስመአብ! እንዴት ይብስባታል?»

«ድሮ ዳገቱ መሀል ያለው ጽድ ጋ ታደርሰኝ ነበር። ዛሬ ጽዱን በሩቁ አይቼ ተኛች።»

ሸምሱ ከሱቁ ዘሎ ወጣ። «አይሆንም! አዲስ ዕቃ ነው፣ ይለማመድ! ትንሽ ታገሺ እህቴ፣ ይሄ ከባድ ዕቃ ነው፣ ኦሪጅናል ነው!»

እኔም አብሬ «አዎ፣ ይለማመድ» አልኩ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ማለቴ ያኔ እንኳ ሽማግሌ አልነበርንም፣ ብቻ ሁለታችንም ተያይዘን «ከባድ ነው፣ ከባድ ነው» እንላለን።

እሷ ሞተሯ ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ካዛንቺስ ወርቅ ቤት ነው የምትሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ስትመዝን ነው የምትውለው። «ጋሼ» አለችኝ፣ «እርሳስም ይከብዳል። ከባድ ሁሉ ወርቅ ቢሆን የወፍጮ ድንጋይ ነበር አንገቴ ላይ የማስረው።»

ሸምሱ ዝም አለ። ሸምሱ ዝም ሲል በሕይወቴ ያየሁት ያኔ ነው፣ ሃሃ!

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም። ተቀምጬ አሰብኩ። ይቺ ሞተር ጅቡቲ ደህና ነበረች፣ ወንድምየው እንደ ጥይት ነበር የሚነዳት አሉ። ጅቡቲ ባሕር ዳር ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሞተር አየር ይጠግባል። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው እንኳ እዚህ ዳገት ሲወጣ ያለከልክ የለ? ሞተርም ያው ነው፣ ጉልበቷ ይቀንሳል። በዛ ላይ ሁለት ጎማ ተበይዶባታል። እና ብረቶቹ ከባድ ሲሆኑ ቶሎ ይሸሻሉ፣ ማርሹን ቶሎ ይቀይሩታል። ምስኪኗ ገና በአንደኛ መጎተት ሲገባት በአራተኛ ውጪ ትባላለች! እኛ ደግሞ መድኃኒት ብለን ሌላ ክብደት ጨመርንባት። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጅቡቲ ልክ የነበረው ክብደት ያው ክብደት ነው፣ ምንም አልተለወጠም፣ የተለወጠው የተሸካሚው አቅም ነው። ሰውም ላይ እንዲሁ ነው። «እገሌ ችሎት የለ፣ አንተ ምን ሆነህ ነው የማትችለው?» ይባላል። እገሌ የቆመበት ቦታ ሌላ፣ አንተ የቆምክበት ቦታ ሌላ።

ሸምሱን «ቀለል ያለ አምጣ» ብለው «ቀላል ዕቃ ሱቄ አይገባም!» ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው፣ ማን ይገዛዋል? እና ስድስቱን ብረት ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ፣ መሀላቸውን አስበሳሁ፣ ቀዳዳውን ጥርስ አስወጣሁለት፣ ትንንሽ ብሎን እንዲገባበት። ገባችሁ? ብሎኑን ስትጨምርበት ይከብዳል፣ ስታወጣው ይቀልላል። እንደ ልብህ ነው። ዘነቡ ደግሞ ስድስቱን ወርቅ ቤት ወስዳ በወርቅ ሚዛን እኩል አደረገችልን። አንዱ ከሌላው ከበለጠ ሞተሯ ትንቀጠቀጣለቻ።

መጀመሪያ ብሎኑን በሙሉ አወጣሁት። አስነሳችው። እሪሪሪሪ! ቡልጋሪያ ሙሉ ዞሮ አየን። ድምፁ ሌላ፣ መሄዱ ግን የለም። «ይቺ ሸምሱን ሆነች፣ ትጮሃለች እንጂ አትሄድም» አልኩ፣ ሸምሱ ጨርቅ ወረወረብኝ። ትንሽ ብሎን መለስኩ። ደግሞ ሞከረች። «አሁን እየጎተተች ነው ጋሼ፣ ግን ሜዳ ላይ ትቆጣለች።» ትንሽ ጨመርኩ። እንዲህ እያልን፣ እሷ እየነዳች እየነገረችኝ፣ እኔ እየፈታሁ እያሰርኩ፣ ስንባባል ሰነበትን። ሞተሯን የምትሰማት እሷ ነቻ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

በመጨረሻ «ይሄ ነው፣ አትንካው» አለች። በማግስቱ ጠዋት ዳገቱ ሥር ተገናኘን፣ እኔ፣ ሸምሱ፣ እሷ። ያ ሁሌ የሚገፋት የታክሲ ረዳትም ዳገቱ መሀል ላይ ቆሞ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» ይላል። አስነሳችው። እኔ ሳላውቀው የኋላውን ብረት ይዤ አብሬ እሮጣለሁ! ጽዱን አለፍን! «አለፍሽው! አለፍሽው!» እያልኩ እጮሃለሁ። እሷ ቀጥ አድርጋ አቆመችው፣ ዞረች፣ ቁልቁል ተመልሳ ሥር ደረሰች።

«ምነው?» አልኩ፣ እያለከለክሁ።

«ይሄ አይቆጠርም። እጅህ ነበረበት።»

«ኧረ በማርያም አልገፋሁም!»

«አልገፋህም። ግን እጅህ ነበረበት። እኔ ወጥቼ ይሁን አንተ አውጥተኸኝ ይሁን በምን አውቃለሁ?» ከዛ በጣቷ መሬቱን አሳየችኝ። «እዚህ ቁም ጋሼ። ስጠራህ ትመጣለህ። ካልጠራሁህ እንዳትመጣ።»

ቆምኩ። ሄደች። እንዴት ያለ ነገር ነው መቆም ልጆች! መሮጥ ይሻላል። ጽዱ ጋ ስትደርስ ድምፁ ዝቅ አለ፣ እኔ እግሬ ተነሳ፣ ሸምሱ ኮቴን ያዘኝ። «ቁም! አልጠራችህም!» ይለኛል፣ እሱ ራሱ ግን አፉ ውስጥ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል። ያ ረዳት ደግሞ ሥራውን ትቶ እጁን ዘርግቶ «አይዞሽ እናቴ!» እያለ ሊደርስባት ሮጠ። እሷም ከዛ ሆና «አትንካኝ!» ስትል እኛ ጋ ተሰማ። ልጁ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ድምፁ ያዘ፣ ሞተሯ ጎተተች፣ ዘነቡ ወጣች፣ ወጣች፣ ዞራ ተሰወረች።

እኔና ሸምሱ ቆመን መጠበቅ ጀመርን። መጥታ ደስ አለኝ ትለናለች፣ ታመሰግነናለች፣ ምናምን ብለን። ቆምን። ፀሐዩ ጠና። «ምን ሆነች? ወደቀች እንዴ?» ተባባልን፣ ግን አልጠራችንም፣ መሄድ ፈራን። ኋላ ነው የገባን። ሴትየዋ ሥራዋ ገብታለች! ጠዋት አይደል፣ ሰው ሥራው ይገባላ! ሁለት ሰዎች እዛ ዳገት ሥር እንደ ሐውልት ተገትረን! ሸምሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፣ እኔ ሳቅ መጣልኝ ብዬ እንባ መጣብኝ።

ብዙ ቆይቶ ኦሎምፒያ አካባቢ በዛችው ሞተር ስታልፍ አየኋት፣ አቆመች። «አንቺ፣ ምነው ጠፋሽ?» አልኳት።

«አልጠራሁህም እኮ ጋሼ» አለችና ሳቀች። ከዛ እጄን ይዛ ሳመችኝ፣ እየሳቀች ሄደች። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ተቀብዬ አላውቅም፣ እውነቴን ነው።

አሁን እኔ ጉልበቴን ያዘኝ፣ ታውቁ የለ። ታክሲ ልሳፈር ገና እግሬን ሳላነሳ አንዱ «አይዞዎት አባባ!» ብሎ ብብቴ ሥር ይገባል። ደግ ልጅ ነው፣ እመርቀዋለሁ። በሆዴ ግን፣ ዘነቡ፣ አሁን ገና ገባኝ እላለሁ። ሰው መርዳት ጥሩ ነው ልጆች። ግን መጀመሪያ ጠይቁ። ካልተጠራችሁ ደግሞ መቆሙንም ልመዱት፣ እሱም እርዳታ ነው፣ እንዲያውም እሱ ነው የሚከብደው።

በሉ መሸ፣ ልነሳ። አንተ ዮናስ፣ ወዴት ነው? ምን አስነሳህ? ማን ጠራህ? ቁጭ በል! ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለግድግዳው ነው? እንዲህ፣ ቁጭ በልና እይ። ራሴ ነኝ የምነሳው። እህህ... ቆይ... ይቺ በርጩማ ደግሞ ዝቅ ብላለች... አትሳቁ! ማን ነው የሚስቀው? አንዴ... እህህ... ኧረ ወዲያ!

በል እሺ ዮናስ፣ ና እስቲ። አሁን ጠርቼሃለሁ።