የወገራው ጉድጓድ

በመንደር ምሥረታው ጊዜ ጎንደር የአፈር ባለሙያ ነበርኩ። ወገራ ላይ ገበሬው ሳይወድ ከቀዬው ተነሥቶ የሚሰፍርበት ሜዳ ረግረግ አለመሆኑን እንዳረጋግጥ ከአንድ ካድሬ ጋር ላኩኝ። የአፈር ካርታው ቦታው ውኃ አይቋጥርም ይላል። ከሰዓት አስቆፍሬ ሳየው እውነትም አፈሩ እስከ ታች ቀይ ነው። ረግረግ ቢሆን ግራጫ ሆኖ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ይኖረው ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ስንመለስ ግን ጉድጓዱ በዚያ በጋ እስከ ግማሹ ውኃ ሞልቶታል። ካርታውን ደግሜ አየሁት፤ አፈሩን በጣቴ አሸሁት፤ ያው ቀይ ነው። ካርታው ይሳሳት፤ አፈሩ እንዴት ይዋሻል?

ግራ ገብቶኝ ስዞር ውኃ ጠማኝና ከአንዲት እናት ደጅ ቆሜ የሚጠጣ ለመንኩ።

«የዛሬን ማረኝ ልጄ፣ ጠብታ የለም። መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ነው» አሉና አቀረቀሩ። ደጃፉ ላይ የተደረደሩት እንስራዎች ባዶ ናቸው፤ ቂጣቸው ላይ የጉድጓዴ ቀይ ጭቃ ተለጥፏል።

ካድሬው ከኋላዬ ደረሰ። «ጓድ፣ ረግረግ ነው አይደለም?»

ደረቅ ምራቄን ዋጥኩ። «ውኃውን አንተም አይተኸዋል» አልኩት።