ሽፋን የሌለው ሸክላ

የተከበሩ እትዬ፣ ባለቤቱ፣ አንቺ ልጁ፣ ጎረቤቶቹ፣ በጆሮ ክሊኒኩ አብራችሁን የሠራችሁ፣ እሱ ዘንድ ታክማችሁ ዛሬ ልትሸኙት የመጣችሁ ሁሉ፤ በዚህ ንፋስ ቆማችሁ ስለምትሰሙኝ አመሰግናለሁ። ፊት ያላችሁ ትንሽ ጠጋ በሉ፤ ኋላ ላሉትም ይሰማ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ከሱ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል ጆሮ የምመረምረው እኔ ነኝ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። «አንቱ ካልሽኝ አርጅቻለሁ ማለት ነው» እያለ አንተ ማለት ያስለመደኝም እሱ ነው። ቅድም ሙሉ ስሙ ሲነበብ ብዙዎቻችሁ እርስ በርስ ስትተያዩ አይቻለሁ። እውነታችሁን ነው። እኛ የምናውቀው ጋሽ ሸክላን ነው።

ለመሆኑ ከጋሽ ሸክላ አልበም ያልተሰጠው ሰው እዚህ አለ? እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም ሰው የለም።

አልበሞቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሬዲዮ የማያውቃቸው፣ ሠሪዎቻቸው ራሳቸው ሳይረሷቸው የማይቀሩ ሸክላዎች። እሱ ፕሮግረሲቭ ሮክ ይላቸዋል፣ ሳይኬደሊክ ሮክ ይላቸዋል። እትዬ ደግሞ «ቁም ሳጥን ሲጎተት» ይሏቸዋል። አንዱ ዘፈን የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ ይይዛል። ኦርጋኑ ሲጀምር ክፍሉ የሰፋ ይመስላችኋል። ከበሮው በሰባት ይቆጥራል፤ በአራት ልከተለው ያለ እግር ይደናቀፋል። «የእንቅልፍ አናጢዎች» የሚባል ባንድ ከኛ ማን ሰምቶ ያውቃል? «ባዶ አሳንሰር»ንስ? አንድ አልበም ሠርተው የጠፉ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ሸክላ ግን ስለነሱ ሲያወራ የአክስቱን ልጆች የሚያነሳ ነበር የሚመስለው።

ፊታችሁን አይቶ ነበር የሚመርጥላችሁ። ጆሯችሁን ከመረመረ በኋላ ዝም ብሎ ያያችኋል። ከዚያ «ቆይ፣ ላንተ የሚሆን አለኝ» ይላል። የማን እንደሆነ ብትጠይቁት አይነግራችሁም። «መጀመሪያ ስማ። ስም ኋላ ይደረሳል።»

ጥበቃችን ያውና፣ ከዛፉ ሥር ቆሟል። ይህን እንድናገር ፈቅዶልኛል። ሚስቱ የሞተች ሰሞን ጋሽ ሸክላ «የጨው ጣራ» የሚባል አልበም ይዞለት መጣ። «ለሐዘንህ አይደለም» አለው። «ሐዘንህን ያዘው፣ ያንተ ነው። ይህ ለቤትህ ነው። ዝም ያለ ቤት ለሰው ጥሩ አይደለም።»

ጥበቃችን ከጥቂት ቀናት በኋላ ሸክላውን ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሙዚቃውስ ደህና ነው። ግን መሀል ላይ በር ይከፈታል። ከዚያ ሰው ጫማውን ያወልቃል። በሰማሁ ቁጥር ደንግጬ እነሳለሁ።»

ጋሽ ሸክላ ሸክላውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «እዚህ ላይ በር የለም» አለ።

የሱን ሸክላ ማጫወቻ ይዘን ጆሮ ወደምንመረምርበት፣ ድምፅ ወደማያስገባው ባለመስታወት ክፍል ሦስታችንም ገባን። በሩን ዘጋን። በር ይከፈትበታል ያለውን ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማነው። ኦርጋን አለ፣ ዋሽንት አለ፣ በሩቅ የሚያጉረመርም ጊታር አለ። በር ግን የለም። ጫማም የለም።

ጥበቃችን ወደ በሩ ዞረ። «ታዲያ እኔ ቤት የሚገባው ማነው?» አለ።

ጋሽ ሸክላ ሸክላውን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ሽፋኑ ውስጥ ከተተውና መልሶ አስታቀፈው። «ውሰደው። ስታጫውተው ድምፁን ቀነስ አድርገው። ገብታ የምትለው ይኖራል።»

ሰውዬው ሸክላውን መለሰ ወይ? ጠይቁት። እስከ ዛሬ እሱ ዘንድ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ታዲያ የእንዲህ ያለ ሰው ጆሮ መታመሙን ማን ያምናል?

አንድ ቀን ጠዋት ክፍሌ ገባና «ነይ መርምሪኝ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ባለመስታወቱ ክፍል ውስጥ ገብቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። ደንቡን የምታውቁት ነው፤ ድምፅ ስትሰሙ እጃችሁን ታነሳላችሁ። ቀጭኑን ድምፅ ሰደድኩለት። እጁ አልተነሳም። ጨመርኩ። እጁ አልተነሳም። አሁንም ጨመርኩ። እኔ ከውጭ ሆኜ እስኪሰማኝ ድረስ ጨመርኩ። እሱ ከመስታወቱ ማዶ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ፣ እንደ ጨዋ ተማሪ ይጠብቀኛል።

በመጨረሻ ፊቴን አየ። «ጀመርሽ እንዴ?» አለኝ።

ምንስ ብመልስለት ይሰማኛል?

ዓመት ሳይሞላ የቀረውም ድምፅ ጨርሶ ጥሎት ሄደ። ሥራውን ለቀቀ። ቤት መቀመጥ ግን አልሆነለትም። ጠዋት ጠዋት እየመጣ ከበሽተኞቹ ጋር ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፍንለት፣ እሱ በአፉ እየመለሰ እንጫወታለን። አልበም መምረጡንም አልተወም። «የማይሰማ ሰው ሙዚቃ ሲመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እያለ ራሱ ይስቃል።

ከዚያ አንድ ቀን ዓይኑ በርቶ መጣ። «አዲስ አልበም አገኘሁ» አለኝ።

«የማን ነው?» ብዬ ጻፍኩለት።

«አላውቅም። ሽፋን የለውም።» ጭንቅላቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «እዚህ ነው የሚጫወተው።»

ነገሩ ለኛ አዲስ አይደለም። ጆሮ ዝም ሲል አእምሮ ከራሱ ጓዳ ዘፈን እያወጣ ማጫወት ይጀምራል። ይህን ሲሰሙ አብደናል ብለው የሚመጡ ስንት በሽተኞች ነበሩን። እሱ ነበር የሚያጽናናቸው። ይህንኑ ጻፍኩለት። አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነሽ። ግን አእምሮ የሚያጫውተው የሚያውቀውን ነው። ይህንን አላውቀውም።»

ከዚያ እንደ ወጉ፣ ጉልበቱን እየመታ፣ ተረከልኝ። ቤዝ ጊታር ብቻውን ይጀምራል፤ ከበላያችሁ ባለው ክፍል ሰው ወዲያ ወዲህ የሚል ይመስላል። አካሄዱ በሰባት ነው። ቀጥሎ ቃል የሌለው የሴቶች ድምፅ ከታች ይመጣል። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ቀጥ ይላል። አለቀ ብላችሁ ተስፋ እስክትቆርጡ ድረስ ዝም ይላል። በመጨረሻ ኦርጋኑ ይገባል፣ ገጹም ያበቃል። እንደገና ከመጀመሪያው። ጀርባው፣ ማለት ሁለተኛው ገጽ፣ መጥቶለት አያውቅም። «ገልባጭ አጣሁ» ይለኝ ነበር እየሳቀ።

እኔም እስቅ ነበር። እኚያ ሴትዮ እስኪመጡ ድረስ ማለቴ ነው።

ዕድሜያቸውን ፈትል ፋብሪካ የገፉ እናት ናቸው። ጆሯቸውን የበላው የማሽኑ ጩኸት ነው። የልጅ ልጃቸው ይዛቸው መጣችና ከጋሽ ሸክላ ትይዩ ተቀመጡ። በፊት ተያይተው አያውቁም። ስም ልጠራ በሩን ስከፍት፣ ሴትዮዋ የወንበሩን እጀታ በጣታቸው ሲመቱ አየሁ። ጋሽ ሸክላም እንደ ልማዱ ጉልበቱን ይመታል። ዓይኑ ግን የሴትዮዋ ጣት ላይ ቀርቷል።

እኩል ነበሩ። ሁለት የማይሰሙ ሰዎች፣ በሰባት፣ እኩል!

ከዚያ ባንድ ላይ አቆሙ። ያ ዝምታ መጣ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰው ያስላል፣ ማንም ልብ ያለው የለም። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ዝም፣ ዝም፣ ዝም። ከዚያ ሁለቱም መዳፋቸውን ባንዴ ዘርግተው አሳረፉ። ኦርጋኑ ገባ።

የልጅ ልጃቸው አፍጥጬ እንደማያቸው ስታይ አፈረች። «አያቴ ሁልጊዜ እንዲህ ናት» አለችኝ። «ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ ሰዎቹ እየተጫወቱ ነው ትለኛለች።»

ጋሽ ሸክላ ወደኔ ዞረ። «ምን እንደሚሰሙ ጠይቂያቸው» አለኝ። ሰሌዳው ላይ ጽፌ አሳየኋቸው።

ሴትዮዋ ሳቁ። «እርስዎ የሚሰሙትን ነዋ!»

ጽፌ ለሱ አሳየሁት። «የኔ ኦርጋኑ ላይ ያበቃል በያቸው። ሁሌም እዚያ ላይ።»

«የኔም እንደዚያው ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «ሰሞኑን ግን ገለበጡት።»

ወደ ልጅቷ ዞሬ ቤታቸው ሸክላ ማጫወቻ እንዳለ ጠየቅኋት። የለም። ኖሮም አያውቅም።

«ጀርባው ላይ ምን አለ?» አለ ጋሽ ሸክላ የጻፍኩለትን አንብቦ።

የማይሰማ ሰው ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው። ሴትዮዋ ግን ያን ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሴቶቹ አሉ አይደል፣ ከታች የሚያዜሙት? እዚያኛው ላይ እኔም አለሁበት።»

ይህን ጽፌ ሰጠሁት።

በቀጠሯቸው ቀን የልጅ ልጃቸው ብቻዋን መጣች። ጥቁር ለብሳለች።

ለጋሽ ሸክላ መጻፍ አላስፈለገኝም፤ ልጅቷን አያት። «ፈራሽ?» አለኝ። «አንተስ?» ብዬ ጻፍኩ። «በጣም» አለ። ከዚያ «አንድ ገጽ ብቻ ሰምቶ በአልበም ላይ መፍረድ አይቻልም ብዬ ስንቱን ስቆጣ ኖሬያለሁ። አሁን እኔው እንዴት ልሁን?» አለ።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ሄደው ሸክላ ማጫወቻውን ከሶኬቱ ነቀሉት። የማይሰማ ሰው ቤት! «የማንም ባንድ መጥቶ ባሌን አይወስድብኝም» አሉ። ገመዱን ይዘው ሳሎን መሀል ቆመው አለቀሱ። እሱ ተነስቶ እጃቸውን ያዘ። አስቀመጣቸው። ከዚያ መዳፋቸው ላይ በጣቱ ያን ገጽ ከመጀመሪያው ጀመረላቸው።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ሥራቸው ይህ ሆነ። ቁም ሳጥን ሲጎተት ያሉት ሴት፣ ሽፋን የሌለውን አልበም በመዳፋቸው አጠኑት። ልጁ እንደነገረችኝ፣ እናቷ ልብስ ሲሰፉ የስፌት መኪናው መርገጫ ሳያውቁት በሰባት መሄድ ጀምሮ ነበር። እስኪ ንገሩኝ፣ ከዚህ የበለጠ ትዳር የት አለ?

ከትናንት በስቲያ ከሰዓት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ልጁ ልብስ ታጥፋለች። እጁ በእትዬ መዳፍ ላይ ነው። ቤዙ መጣ፣ ሴቶቹ መጡ፣ ዝምታው መጣ፣ ኦርጋኑ ገባ። ገጹ አለቀ። እትዬ ከመጀመሪያው እስኪጀምር ጠበቁ። አልጀመረም።

«ገለበጡት» አለ።

እትዬ አጥብቀው ያዙት። እሱ ግን ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ነበር፤ ወሬ ሊያመልጠው እንደማይፈልግ ሰው።

«ሴቶቹ ቀርበዋል» አለ። ቀጥሎም፣ «እሳቸው ናቸው። የፈትል ፋብሪካዋ።»

እናንተዬ፣ እሱ የእኚያን ሴት ድምፅ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ድምፃቸውን የሰማሁት እኔ ነኝ። ለሱ የደረሰው የእኔ የእጅ ጽሕፈት ብቻ ነው። ታዲያ በምን አወቃቸው?

ያ የመጨረሻ ንግግሩ ነበር።

ሳይንሱን የሚጠይቀኝ ሰው ካለ አለኝ። ነገ ጠዋት ክሊኒክ ገብቼ፣ ጆሮዬ ውስጥ ይዘፈናል ብሎ ለሚመጣ በሽተኛ «አይዞህ፣ አእምሮህ ነው» እላለሁ። አምኜበትም ነው የምለው። ያን ጠዋት ሁለት መዳፎች ባንዴ ሲያርፉ ማየቴን ግን ምን ላድርገው? መልስ እንዳለኝ ሆኜ እዚህ ፊቱ መቆም ስላልፈለግሁ ነው የነገርኳችሁ።

ጋሼ።

ለስንቱ ሰው ስንቱን ስትመርጥ ኖርክ። ላገባው መረጥክለት፣ ለተፋታው መረጥክለት፣ እንቅልፍ ላጣው፣ ልጁ ለራቀው፣ ለኩሩው፣ ለፈሪው። ምን እንደሚያስፈልገን ከኛ ቀድመህ ታውቅ ነበር። ላንተ ግን ማን መረጠልህ? አላውቅም። የመረጠልህ ቢያንስ ፊትህን አይቶ የመረጠ ይሁን።

እትዬን አደራ ብለህ አልሄድክም፤ እኛ ግን አደራውን ወስደናል። ልጅህ ብቻዋን አትሆንም። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባህ።

አፈሩ አይክበድህ። የምትገባበት ቤት የሚያውቅህ ይሁን። ፈርተህም ቢሆን መሄድህን አይተናልና እኛም ተራችን ሲደርስ እንደምንም እንሄዳለን።

ደህና ሁን፣ ጋሼ። በል እንግዲህ፣ ስማ። እኛ ዝም እንላለን።