የበቅሎዋ ጨው

ልጄ አስጎብኚ ለመሆን የቀራት አንድ ፈተና ራስ ደጀንን መውጣት ነበር። ጓዙን የተሸከመችው የእኔ በቅሎ ስለሆነች አብሬ ሄድሁ። ልጄ ከጎንደር ፒያሳ ሦስት ጠርሙስ ባለቀለም መጠጥ ገዝታ መጥታለች።

«ምነው፣ ውሃ ጠፋ?» አልኋት።

«አባዬ፣ ይሄ ላብ የወሰደውን ይመልሳል።»

ቀመስሁት፤ ስኳር ብቻ ነው። ጠርሙሱን መለስሁላት።

ዳገቱ ሲጋመስ ባቷን ጨምድዶ ያዛትና ተቀመጠች። አብሮን የሚወጣው ፈታኝ ሰዓቱን አየና፣ «አያ ካሴ፣ ካልተነሳች ከአንቱ ጋር ትመለስ» አለኝ። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን ያዘች። እኔ ዳገት ሳልጀምር ሁልጊዜ በቅሎዬን አሞሌ አስልሳታለሁ፤ ያላበው ከብት ጨው ካላገኘ ጉልበት የለውም። አሞሌውን ከስልቻ አወጣሁ። በቅሎዋ ያልላሰችውን ጎን በቢላዋ ፍቄ፣ ቆንጠር አድርጌ መጠጧ ውስጥ ጨመርሁ።

«አባዬ! የበቅሎ ጨው ልታጠጣኝ ነው?»

«በቅሎዋ ተቀምጣ አየሻት?»

እየሳቀች ጠጣችው። ባቷን እያሸሁላት ጥቂት አረፍንና ተነሳች። ቀስ እያለች፣ ግን ሳትቆም ወጣች። በቅሎ የማያልፈውን የመጨረሻውን ቋጥኝ ከፈታኙ ጋር ስትወጣ እኔ ከሥር ሆኜ ጠበቅሁ።

ስትመለስ ከሩቅ «አለፍሁ!» ብላ ጮኸች። መጥታም የተረፈውን መጠጥ ዘረጋችልኝ።

«ለበቅሎዋ ስጪያት፤ ጨዉ የእሷ ነው» ብያት ጭነቱን ለማጥበቅ ዞርሁ። ጭነቱ አልላላም ነበር፤ ፊቴን እንዳታይ ፈልጌ ነው።