ሻለቃ ጠመንጃውን ይዞ አዳራሽ የገባበት ጠዋት

የምስክር መጠሪያ፦ የሻለቃ ባለቤት
ከሟች ጋር ያላት ግንኙነት፦ ሚስት
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ረፋድ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ሟች ባለቤቴ ነው። የእህል መጋዘን ጥበቃ ሆኖ ሠርቶ በጡረታ የተገለለ ሰው ነበር። የወታደር ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ሰፈሩ በአረማመዱ ምክንያት ሻለቃ ይለው ነበር። እኔም ሲያናድደኝ በዚሁ ስም እጠራው ነበር። ከአባቱ የወረሰው አንድ ጠመንጃ ከአልጋችን ራስጌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። በዚህ መሣሪያ ሰው ሲያስፈራራ አይቼ አላውቅም። እሁድ እሁድ አውርዶ በዘይት ጨርቅ ይወለውለውና መልሶ ይሰቅለው ነበር።

በየቤቱ ያለ የጦር መሣሪያ እንዲመዘገብ፣ ፈቃድ የሌለውም ለመንግሥት እንዲመለስ የሚያዘው ረቂቅ ሕግ ከተሰማ ወዲህ የሰፈራችን ሰው እሳትና ጭድ ሆኗል። ሕዝቡ እንዲወያይበት በአዳራሹ የመጀመሪያው ስብሰባ ሲጠራ እኔና ባለቤቴ አብረን ሄድን። እጁን አውጥቶ፣ "ሌባው አላስመዘግብም ቢል ማን ቤቱ ሄዶ ይለምነዋል? እኛን ባዶ እጃችንን አስቀርታችሁ ለማን ልትሰጡን ነው?" ብሎ ሲናገር ብዙ ሰው አጨበጨበለት። የዚያን ቀን ደስ ብሎት ራቱን ጥርግ አድርጎ በላ።

በማግስቱ የድንገተኛ ክፍል ነርስ የሆነችው ልጃችን ለምሳ ስትመጣ የልጅ ልጃችንን አልያዘችም። ባለቤቴ ሕፃኗን "ዓይኔ" እያለ ነው የሚጠራት። "ዓይኔስ? የት ጣልሻት?" ብሎ ጠየቃት። ልጃችንም፣ "አባዬ፣ ከእንግዲህ እዚህ አላመጣትም። ወንበር እየሳበች መንጠላጠል ጀምራለች። ሰሞኑን በአባቱ ሽጉጥ የተመታ ሕፃን እጄ ላይ ነው ያለፈው። ያ ነገር ከግድግዳው ካልወረደ እሷ በዚህ በር አትገባም" አለችው። ባለቤቴ ተቆጥቶ፣ "አንቺን በየት ቤት ነው ያሳደግሁሽ? ያኔስ ተሰቅሎ አልነበረም?" አላት። "እግዜር ጠብቆን ነው" ብላ እያለቀሰች ሄደች። ምሳው እንደቀረበ ቀረ።

ከዚያ በኋላ አፌን ብከፍት እልህ እንደሚይዘው ስለማውቅ ተውኩት። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ፣ የሕፃኗን ትንሽ ወንበር አልጋው ላይ አስቀምጦ ከወንበሩ እስከ ጠመንጃው ያለውን በስንዝር ሲለካ አገኘሁት። "ትደርሳለች" አለኝ።

ሁለተኛው ስብሰባ በተጠራበት ቅዳሜ ጠዋት ጠመንጃውን አወረደ። ጥይቶቹን እፊቴ አውጥቶ ሰጠኝና ቁልፍ በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኳቸው። እኔ፣ "ፖሊስ ጣቢያ ወስደህ አስረክብና ይለቅልህ" ብዬው ነበር። እሱ ግን፣ "በአደባባይ የተናገርኩትን በጓዳ አልመልስም። ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ፊት ነው የማስረክበው" አለ። ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ በአንሶላ ጠቀለልኩለት።

ስንደርስ ውስጥ ጭቅጭቁ ከሮ ሁለት ሰዎች ተያይዘው ስለነበር፣ የበሩ ጥበቃ ሊገላግል ገብቶ ነበር። በር ላይ የጠየቀን ሰው የለም። ባለቤቴ ቀድሞኝ በወንበሮቹ መሐል ወደ መድረኩ አለፈ። እዚያ ሲደርስ አንሶላውን ገፎ ጠመንጃውን በሁለት እጁ አግድም ከራሱ በላይ አነሣው። ወዲያው አንዲት ሴት "መሣሪያ ይዟል!" ብላ ጮኸች። ሰው እየተንጋጋ ወንበር ሥር ገባ። ባለቤቴ ሲናገር አፉን አይቻለሁ፤ ድምፁን ግን አልሰማሁትም። ጥበቃው ዞር ብሎ አንድ ጊዜ ተኮሰ።

ስደርስ ወለሉ ላይ ነበር። "ባዶ ነው በያቸው" አለኝ። "ነግሬያቸዋለሁ" አልኩት። አልነገርኳቸውም፤ ድምፅ አልወጣልኝም ነበር።

ባለቤቴ አፈሙዙን ወደ ሰው አዙሮ እንደሆነ ተጠይቄ፣ ወደ ማንም አላዞረም ብያለሁ። ጥበቃው ከቆመበት ሆኖ ምን እንደታየው ግን አላውቅም። ቂም ነበረው አልልም፤ ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። ጃኬቱን አውልቆ ቁስሉን የያዘው፣ "አባባ፣ አባባ" እያለ ያለቀሰው እሱ ነው። ይህም እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ሆስፒታል ሳንደርስ ባለቤቴ አረፈ። ልጃችን የዚያን ቀን ተረኛ አልነበረችም። አንድም ተመስገን የምልበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሕጉን የሚደግፉት መጥተው ለሰልፍ ፎቶውን ጠየቁኝ። የሚቃወሙትም መጥተው ያንኑ ጠየቁ። ሁለቱም ሻለቃ የእኛ ነበር አሉኝ። ለማንም አልሰጠሁም። ያለኝ አንድ ጥሩ ፎቶ ነው፤ እሱም ዓይኔን ታቅፎ የተነሣው ነው። ሕፃኗ አሁን እኔ ጋ ታድራለች፤ እናቷ ራሷ ናት ያመጣቻት። "አባባስ?" እያለች ክፍል ለክፍል ትፈልገዋለች።

ይህ ቃል ሲነበብልኝ አብሮት ባለው የማስረጃ ዝርዝር ላይ "ከሟች እጅ የተያዘ አንድ ጠመንጃ" የሚል ሰምቼ አስቁሜያለሁ። ማንም አልያዘበትም። "ሟች ያስረከበው" ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ሲታረም አይቻለሁ። በዝርዝሩ ላይ ያለው ስርዝ የተደረገው በእኔ ጥያቄ ነው።

የቀረው እንዳየሁትና እንደሰማሁት በትክክል የተጻፈ እውነተኛ ቃሌ ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________