የሁለተኛው ወንበር መብራት

ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ጓደኛሞች ያወራሉ።

«ባሌ ጓዳችን ውስጥ የአውሮፕላን ጋቢና ሠራ ብዬሽ የለ? በኮምፒውተር ጨዋታ የሚያበረውን።»

«አዎ።»

«ትናንት የማንበቢያ መብራት ገጠመለት። ትንንሽ ኤልኢዲ፣ ለሁለቱም ወንበር። ገመዱን የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

«ሁለተኛው ወንበር ያንቺ ነዋ!»

«እኔም መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ረዳት አብራሪዋ ሳራ የምትባል የመሥሪያ ቤቱ ልጅ ናት። ‹ካርታ ታነብልኛለች› አይለኝም?»

«በገዛ ቤትሽ!»

«ዛሬ ከሥራ አብረው ይመጣሉ። ቀድሜያቸው ገብቼ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ።»

«ካርታ ማንበብ ትችያለሽ እንዴ?»

«አልችልም። መብራቱ ግን እኔ ላይ ይበራል።»

ከኋላቸው ሆኜ ሾፌሩ ትንሽ እንዲፈጥን ተመኘሁ።