ከባለቤቶቹ ይልቅ ውሾቹን የሚያሞቅ ቤት

በፓውፓው ሸለቆ የመከር ጉም ሲወርድ እንደ ሰነፍ ላም መንገድ መሐል ይተኛል፤ ደስ ሲለው ካልተነሣ ማንም ገፍቶ አያነሣውም። አንድ ዓመት ከመወፈሩ የተነሣ ዳክዬዎች ወንዙን ትተው አየሩ ላይ ሲዋኙ ሰነበቱ፤ ድንገት ሲገፈፍም ሁለቱ የፖስታ ሣጥን ላይ ወደቁ ይባላል። ይህን በዓይናቸው ያዩት አጎት ሃስከል ብቻ ናቸው። ያላዩት ግን ሁሉም ይመሰክራሉ። የኬንታኪ ተራራ ሰው ውሸት አይወድም፤ አሳምረው ሲነግሩት ግን ፊት አይነሣም።

የዚያን ዕለት ጠዋትም አጎት ሃስከል ጉሙ መንገድ ከለከላቸውና ፒክአፓቸውን ዳር አስይዘው ቆሙ። ከኋላ ባዶ ጋሪ አስረዋል። ሞተሩን አጥፍተው ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፉት። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ባለችው ለስላሳ ቦታ ላይ ሳሉም አንድ ነገር ታያቸው፦ እንደ ኮርማ የገዘፈ የብረት ሣጥን ከቤታቸው ጎን ተኝቶ ያመሰኳል፤ በተነፈሰ ቁጥር የሚስታቸው የኦፓል ጉንጭ ይቀላል፤ ልጃቸው ጄኔቫም በሩ ላይ ቆማ፣ "እንግዲህ እናቴን አልወስዳትም" ትላለች።

ሕልም ያለ ምክንያት አይመጣም። ኦፓል ሳንባቸውን ታመዋል። የቤቱ አሮጌ ማሞቂያ ስለማይበቃ ክረምቱን ሁሉ ሳሎን ውስጥ የላምባ ምድጃ ይነዳል፤ ሐኪሙ ደግሞ ያ ጭስ እንዲቀር አዟል። ጄኔቫም ቁርጡን ተናግራለች፦ በረዶ ከመጣሉ በፊት ቤቱ ያለ ላምባ ካልሞቀ፣ እናቷን ከተማ፣ እሷው ዘንድ ልትወስድ ነው። የጄኔቫ ቤት ደግሞ ለአንድ እንግዳ እንጂ ለሁለት አይበቃም።

የፒክአፑ መስኮት ተንኳኳ።

"አጎቴ ሃስከል፣ የሚያንኮራፋው ጉሙ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት?"

"አላንኮራፋሁም። ሞተሩን እያሞቅሁ ነው።"

"ሞተሩ ጠፍቷል እኮ።"

"ለዚህ ነዋ በአፌ የማሞቀው።"

የጎረቤታቸው የሟቹ የበርሊ ልጅ ረኔታ ነበረች። ከተማ ሄዳ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሙያ ተምራ የተመለሰችው በቅርቡ ነው። እሷም መንገዱ አልታያት ብሎ ከኋላ ቆማ ኖሯል። ጉሙ እስኪነሣ ሁለቱ የፒክአፑ የኋላ መዝጊያ ላይ ተቀምጠው ያመጣችውን፣ ብስኩት የሚሉትን ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ከነሥጋው ተካፈሉ።

"ጋሪ እየጎተቱ ወዴት ነው?" አለች ረኔታ።

"ወደ ፈረሰችው ቤተ ክርስቲያን። ከጓሮዋ የነበረውን የሙቀት ፓምፕ ሊሰጡኝ ነው። እንደ ሌላው ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ሣጥን ታሽጎ ውጭ የሚቀመጥ ነው። አምስት ቶን። በዚህ ሸለቆ አምስት ቶን ያለው ሰው አታገኚም። ያ ጎረቤታችን ዴልማር በሦስት ቶኑ ሲንጎራደድ ታይዋለሽ አይደል? እሑድ ይጠብቀኝ።"

በፓውፓው ሸለቆ ወንድ ልጅ የሚመዘነው በፒክአፑ ሞተርና በማሞቂያው ጉልበት ነው፤ ቶን ማለት ደግሞ የማሞቂያው ጉልበት መለኪያ እንጂ ክብደቱ አይደለም። ብዙዎቹ ግን ክብደቱም ቢሆን ግድ የላቸውም።

ረኔታ ብስኩቷን አስቀመጠች። "አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ ያ ማሽን ለእርስዎ ቤት አይሆንም።"

"ያን ሁሉ ኃጢአተኛ ያሞቀ ማሽን አንዲት ኦፓልን ያቅተዋል?"

"አያቅተውም። ችግሩ እሱ ነው። ሕፃን ልጅ ወተት ቢያምረው ባልዲውን አፉ ላይ ይደፉበታል? የእርስዎ ቤት ፋብሪካ ተሠርቶ በጎማ እየተጎተተ የመጣ ቤት ነው። ከወለሉ ሥር ያለው የአየር ቱቦ ቀጭን ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ነፋስ አይሸከምም። ማሽኑ ይታፈናል። ትንሽ ሮጦ ቀጥ ይላል፤ እንደገና ይነሣል፤ እንደገና ቀጥ። እንዲህ ሲያደርግ ይሞታል። በበጋም አየሩን ቶሎ ያቀዘቅዝና እርጥበቱን ሳይመጥጥ ይቆማል። አክስቴ ኦፓል በዚያ ሳንባቸው ቀዝቃዛ ረግረግ ውስጥ ተቀመጡ ማለት ነው።"

አጎት ሃስከል ጉሙን ተመለከቱ። ጉሙ አልመለሰላቸውም።

"ትምህርት ቤት ሰው ትልቅ ነገር እንዲፈራ ያስተምራል ልበል?"

"ለክቶ መግዛትን ነው ያስተማሩኝ። ጫማ ሲገዙ በመደብሩ ውስጥ ያለውን ትልቁን ነው የሚያነሡት?"

"እግሬ ትልቅ ነው።"

"ቤትዎ ግን ትንሽ ነው።"

ሽማግሌው ሳቃቸውን በብስኩት ዋጡት። ሰው በክርክር መሸነፍ ሲጀምር ሌላ በር ይፈልጋል፤ እሳቸውም አገኙ።

"እሺ፣ ትንሹም ትልቁም ይቅር። ከብርድ ውስጥ ሙቀት አወጣለሁ የሚል ማሽን ራሱ እኔን የሚበልጥ ውሸታም ነው። ደጅ ውርጭ እያለ ሙቀቱን ከየት ያመጣዋል?"

"አክስቴ ኦፓል የዳቦ ሊጥ የት ነው የሚያስነሡት?"

"ፍሪጅ ጫፍ ላይ።"

"ለምን እዚያ?"

"ይሞቃላ።"

"ውስጡ ብርድ የሆነ ዕቃ አናቱ ለምን ይሞቃል? ከወተቱና ከቅቤው ሙቀቱን እየቀዳ ወደ ውጭ ስለሚደፋ ነው። ይህም ያው ነው፤ ሙቀቱን ከደጅ ቀድቶ ወደ ቤት ይደፋል። ውርጭ ውስጥም ሙቀት አይጠፋም፤ ተበትኖ ነው ያለው። በበጋ ደግሞ ዞሮ ከቤት ወደ ደጅ ይቀዳል።"

አጎት ሃስከል የቤታቸውን ፍሪጅ አሰቡ። ስንት ዘመን ሙሉ የሙቀት ፓምፕ አናት ላይ ዳቦ ሲነሣ ኖሯል። ነገሩ ገረማቸው፤ ግን በወጣት ፊት ቶሎ መገረም ነውር ነውና ወሬውን ወደሚኮሩበት ወደ አዳኝ ውሾቻቸው አዞሩት።

"ስለ ብርድ ካነሣሽ የኔን ውሾች ማየት ነው። ዳኛና ቤል የምላቸው ሁለቱ፣ የውሻ ቤት ሠርቼላቸው አንድ ቀን አልገቡበትም። በረዶ እስከ መስኮት ሲደርስ እነሱ ከቤቱ ሥር፣ ባዶ መሬት ላይ ነው የሚያድሩት። ጠዋት ሲወጡ እንደ ተቀቀለ ድንች ይተንናሉ። አንድ ቀን ዳኛ በረዶው ላይ ቢቀመጥ ጉድጓድ ቀልጦለት ከነጅራቱ ሰጠመ፤ በገመድ ነው ያወጣነው። የዘር ጉዳይ ነው። ደማቸው ትኩስ ነው።"

"ከቤቱ ሥር የትኛው ጋ ነው የሚተኙት?"

"መታጠቢያ ቤቱ ሥር።"

"ሁልጊዜ እዚያው?"

"ሁልጊዜ። በበጋ ግን ዝር አይሉም።"

ረኔታ ወደ እሳቸው ዞረች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አጎቴ ሃስከል፣ ክረምት ክረምት መታጠቢያ ቤትዎ ውስጥ ከወለሉ ሙቀት ይመጣል?" አለች።

"ኧረ እዚያማ በረዶ ቤት ነው። ኦፓል ካፖርት ለብሳ ነው የምትገባው።"

"ታዲያ ያ ሙቀት የት የሚሄድ ይመስልዎታል?"

 አጎት ሃስከል ስለ ትኩስ ደም ሲያወሩ የኖሩት ተረት ሁሉ ከፊታቸው ቆሞ በሐፍረት ባርኔጣውን አወለቀ።

ጉሙ ሲሳሳ ጋሪውን አዙረው አብረው ወደ ቤት ተመለሱ። ኦፓል በመስኮት ሆነው ባላቸውና የበርሊ ልጅ በሆዳቸው እየተሳቡ ከቤቱ ሥር ሲገቡ ተመለከቱ፤ ምንም አልጠየቁም፤ ከአጎት ሃስከል ጋር የኖረ ሰው ጥያቄ ይቆጥባል።

ሥሩ ጨለማና ለብ ያለ ነበር። አሮጌው ማሞቂያ ከላይ ያጉረመርማል። በባትሪው ብርሃን የቤቱ ሆድ፣ ከወለሉ ሥር የተወጠረው ሽፋን፣ ተቀድዶ ታየ፤ ውሾቹ የብርድ መከላከያውን ጥጥ ስበው አውጥተው እንደ ንጉሥ ፍራሽ አንጥፈውታል፤ ከበላዩም የአየር ቱቦው ከመጋጠሚያው ተላቆ ይተነፍስባቸዋል። አጎት ሃስከል እጃቸውን ሰደዱ። ሞቃት ነው። ሚስታቸው አጥተውት በላምባ ጭስ ሲስሉ የከረሙለት ሙቀት ውሻ መኝታ ላይ ሲፈስ በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወዲያ ስለ አምስት ቶን ያነሣ ሰው የለም።

"ምን እናድርግ የኔ ልጅ?" አሉ፣ እዚያው በሆዳቸው እንደተኙ።

"መጀመሪያ ቱቦውን እንጠግናለን፤ ሆዱን እንሰፋለን፤ ዙሪያውን የሚሸፍነውን ልባስ እንዘጋለን። ከዚያ መስኮቱን፣ ግድግዳውን፣ ወለሉን ለክቼ ማሽኑን እንመርጣለን፤ ሁለት ቶን ተኩል ሳይበቃ አይቀርም። ለእንዲህ ዓይነት ቤትና ለእንዲህ ዓይነት ቱቦ እንዲስማማ የተሠራውን እንፈልጋለን። ቤትዎ አየር የሚተፋበት እንጂ ወደ ማሽኑ የሚመልስበት ቀዳዳ የለውም፤ እሱንም እንከፍታለን። ማሽኑ ደልዳላ መሠረት ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ የጣሪያ ውኃ እንዳይንጠባጠብበትና በረዶ እንዳይሠራበት።"

"ውሾቹስ?"

"የሠሩላቸው ቤት አለ አይደል? ጭድ ያንጥፉበት።"

ሥራው በጥቂት ቀናት አለቀ። የመረጡት ባለ ሁለት ቶን ተኩል ሣጥን ከቤቱ ጫፍ ተቀመጠ፤ ከሕልሙ ኮርማ ይልቅ ጥጃ ይመስላል። አጎት ሃስከል እጃቸውን የወለሉ ቀዳዳ ላይ ዘርግተው ፊታቸው ተቀየረ።

"ይሄ ለብ ያለ ነው። የላም ትንፋሽ ነው ይሄ። የማያቃጥል ሙቀት ሙቀት አይደለም። ምድጃውን ላምጣው።"

"ተው እንጂ አንተ ሰውዬ፣" አሉ ኦፓል ከወንበራቸው። "ልጅቷ ምን አለችህ?"

"ዝም ብለህ ተወው፤ ከፍ ዝቅ አታድርገው፤ ቀስ እያለ ይደርሳል አለች። ከፍ ባደረግኩት ቁጥር የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ እየጋለ መብራት ይበላል አለች።"

"ታዲያ ተወዋ። እኔም ሳገባህ ለብ ያልክ ነበርክ። ታገሥኩህ።"

ተዉት። በነጋታው ውርጩ ሣሩን አንጥቶት አደረ። አጎት ሃስከል ነቅተው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጋደም እንዳሉ ቆዩ፤ አንድ ነገር የጎደለ መሰላቸው። ቆይቶ ገባቸው፦ የጎደለው ብርድ ነው። አፍንጫቸው ሞቋል። ተዘግቶ የከረመው የኋላ ክፍል ሞቋል። መታጠቢያ ቤቱ ሞቋል። ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ እንደ ጥሩ ዜማ ቤቱን ሞልቶ ተቀምጧል። ላምባ አይሸትም። ኦፓል ከጎናቸው ሳይስሉ፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው ተኝተዋል፤ እሳቸውም እንዳይቀሰቅሷቸው ብለው እጃቸው እስኪደነዝዝ ሳይነቃነቁ ቆዩ።

በማለዳ ግን ዴልማር በረንዳው ላይ ባልዲ ይዞ ደረሰ። ማሽኑ የያዘውን በረዶ ሲያቀልጥ የወጣውን እንፋሎት አይቶ ቤቱ የተቃጠለ መስሎት ነው። አጎት ሃስከል አስቀመጡትና ያስተምሩት ጀመር፤ ትናንት የተማረ ሰው ዛሬ ሲያስተምር ማንም አያቆመውም።

"ስማ ዴልማር። ማሽን ከመግዛትህ በፊት በሆድህ ተኝተህ የቤትህን ሆድ እይ። የተቀደደውን ሳትሰፋ ትልቅ ማሽን መግዛት ባልዲው ቀዳዳ ሆኖ ወንዝ እንደመግዛት ነው። ሁለተኛ፣ አስለካ። የሚበቃህ ትንሽ ማሽን ሳያቋርጥ በዝግታ ይሠራል፤ ዕድሜው ይረዝማል፤ መብራት አይጨርስህም፤ በበጋም እርጥበቱን ይመጥጥልሃል። ሦስተኛ፣ ሙቀትን በእጅህ መዳፍ አትፍረድ፤ በእግርህ ጣት ፍረድ። አየሩ ሲጠራ ደግሞ የሳል መድኃኒት ግማሹ እሱ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ማን ነገረህ?"

"የበርሊ ልጅ። እኔ የጨመርኩት ወንዙን ብቻ ነው።"

በዚያው ሳምንት የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል ጄኔቫ መጣች። የመኪናዋን የፊት ወንበር ለእናቷ አመቻችታ ብርድ ልብስ አንጥፋበታለች። ስትገባ አባቷን ሳመች፤ ወዲያው ዓይኗ ምድጃውን ፈለገ። የለም። ሄዳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ኦፓል ስለ አንዲት ጎረቤት ሠርግ ያወሩላት ጀመር፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳል ሳያቋርጣቸው ከዳር እስከ ዳር ተናገሩት፤ ሌላም ጨመሩ። ጄኔቫ ታዳምጣለች። እያዳመጠች መጀመሪያ የአንገት ልብሷን ፈታች፤ ቆይታ የካፖርቷን ቁልፎች፤ በመጨረሻም ራሷ ሳታውቀው ካፖርቱን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችው።

አጎት ሃስከል አዩ። ተነሥተውም ካፖርቱን ከበሩ ጀርባ ሰቀሉላት።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ጄኔቫ ወደ መኪናዋ ሄዳ ብርድ ልብሱን ከፊት ወንበሩ አነሣች። አጥፋ ስታበቃ ተመልሳ የእናቷን እግር አለበሰችበት፤ ግንባራቸውን ሳመችና ብቻዋን መኪናዋን አስነሥታ ወደ ከተማ ሄደች።