የቶርግሪም አምስተኛ ጽሑፍ

— ሄሎ?... አዎ፣ ሲግሩን ነኝ፣ የነርሶች ኮሌጅ። ማን ልበል?... ቶርግሪም! ምነው፣ ወረቀቱን እስካሁን አላስገባህም እንዴ? ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል እኮ!

— አውቃለሁ፣ ሦስተኛና የመጨረሻ ሙከራህ ነው። ከወደቅክ ከኮሌጁ ትወጣለህ። ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ሁለቱንም ጊዜ የጣልኩህ እኔ አይደለሁ!

— (ቪግዲስ፣ እኔን አትጠብቁ፣ ዋፍሉን ጀምሩ። ቡናማውን አይብ ግን እንዳትጨርሱብኝ!)

— አለሁ፣ አለሁ። አርብ አይደል፣ እንደ ልማዳችን አስተማሪዎቹ ቢሮ ውስጥ ዋፍል፣ ያንን ጣፋጭ ቂጣ፣ እየጋገሩ ነው። በል ያገኘሃቸውን አምስቱን ጥራልኝ። በአልጋ ቁስል ላይ የተሠሩ ምርምሮች፣ በሙያው አቻዎች የተገመገሙ። እንደዚያ አይደል ያልኩህ?

— አንደኛው... መቶ አርባ ታካሚ ተከታትለው... ጎሽ! ትችላለህ እኮ! ሁለተኛው?... "ከአዘጋጁ"? አንተ ሰውዬ፣ እሱ እኮ የመጽሔቱ አዘጋጅ ለአንባቢ የጻፈው ሰላምታ ነው!... ሦስተኛው?... ስለ አንድ መጽሐፍ የተሰጠ አስተያየት። በስመ አብ! አራተኛውስ?... "ሲታወሱ"? ማን ናቸው የሚታወሱት?... ፕሮፌሰሩ ሞተዋል?... እና የሟች ማስታወሻ አምጥተህ ምርምር ነው ትለኛለህ?

— "የተገመገመ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ነው መፈለጊያው ላይ የፈለግኩት ትለኛለህ?... አዎ፣ አዎ፣ ሁላችሁም እንደዚያ ነው የምትሉኝ! ምልክቱ የሚያጣራው መጽሔቱን ነው እንጂ ውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ጽሑፍ አይደለም!... ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ምንድን ነው የሚያፏጨው፣ ነፋስ ነው? የት ነህ?... ወደቡ ላይ ምን ትሠራለህ፣ ያንን የዓሣ ሥራ ትቻለሁ አላልክም?

— እሺ፣ በራስህ ሙያ ልንገርህ። ስንት ዓመት ነው ዓሣ በደረጃ የለየኸው?... አሥራ ዘጠኝ። ሳጥኑ ላይ "አንደኛ ደረጃ" ስለተጻፈ ሳትከፍት ትጭነው ነበር?... ምን ታደርግ ነበር ታዲያ?... ከፍተህ፣ አገላብጠህ ታያለህ! በቃ! ይሄንንም ከፍተህ እይ። ሦስት ነገር ጠይቀው። እነማንን አጠኑ? እንዴት አጠኑ? ምን አገኙ? ይሄን ካልመለሰልህ ወደ ባሕር ወርውረው!

— አምስተኛውማ ናሙናው ነው። ምርምር ምን እንደሚመስል እንድታዩበት እኔው ራሴ የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ የሰቀልኩላችሁ። እሱን ተወው...

— ሦስቱን ጥያቄ እሱንም ጠየቅከው?... እንዴት የተጠና ሰው የለበትም? በደንብ አላየኸውም ማለት ነው። ቆይ ልክፈተው... በአንተ የተነሳ ዋፍሌ ቀዘቀዘ...

— አይ፣ አለሁ። እያነበብኩ ነው።

— አይ... እንዴት እንዳጠኑም አይልም... ውጤትም የለውም... "እንደ እኔ እምነት" ይላል፣ አዎ፣ አየሁት... የጻፈችውን? አየኋት። ስሜን ማንበብ አያቅተኝም፣ ቶርግሪም።

— መስቀል የነበረብኝ ጥናቴን ነበር። እኔ አስተያየቴን ሰቀልኩላችሁ።

— እና አንተ... ያን ሁለት ጊዜ ሁሉ ከዚህ ጋር እያመሳከርክ ነበር የምትመርጠው?... ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?... "አስተማሪዋ የሰጠችን ነው ብዬ።" ወይ እኔ! እኔ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ "ይህ ምርምር አይደለም፣ አስተያየት ነው" እያልኩ ጣልኩህ። አፈርኩ። ምን ልበልህ፣ አፈርኩ።

— (ቪግዲስ! ተዪው ዋፍሉን! ዲኑ ቢሮው አለ?... የትም እንዳይሄድ፣ መጣሁ በይው!)

— ስማኝ። እውነተኛዋን አንዷን ያዝ። ሌሎቹን አራቱን አውጣ፣ የእኔንም ጭምር፣ በምትካቸው ከፍተህ ያየሃቸውን አራት አስገባ። ገና አምስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ትደርሳለህ። እኔ ደግሞ ሁለቱ ውድቀቶች እንዲሰረዙልህ ዲኑ ጋ እገባለሁ... እሺ ይለኛል አልልህም። ግን ስህተቴን በጽሑፍ ነው የማስገባው። አንተም ጻፍ። "ሲግሩን ተሳስታለች" ብለህ ጀምር... አዎ፣ ከነስሜ!

— አታመስግነኝ!... በእግዜር ይዤሃለሁ፣ አታመስግነኝ! ሳጥኑን ሳልከፍት ያቀበልኩህ እኔ ነኝ... በል ዝጋውና ዓሣህን ለይ።